ወደ መንዝ 15 ደቂቃ

ጠረጴዛውን ከበን አምስት ነበርን። ሦስት ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ፣ አንድ «ቆይ፣ ትንሽ ልቆይና አዛለሁ»። ከአምስታችን አንዱ ተንቀሳቃሽ የአውሮፓ ካርታ ነው። እንዲህ የምለው ለማሾፍ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለማሾፍ ነው)። ልጁ በሕይወት ዘመኑ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ሰው ለመሸኘትና ሰው ለመቀበል ብቻ ነው። የአውሮፓን ከተሞች ርቀት ግን እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ ይወጣዋል። ለንደን–ፓሪስ፣ 340 ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ። ፓሪስ–ሮም፣ 1,100 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት። ቪየና–ብራቲስላቫ፣ «እሱማ በእግርህም ትገባለህ!»

በዚህ መሀል አንዷ ጓደኛችን ለበዓል አገሯ ልትገባ እንደሆነ ነገረችን።

«አገርሽ የት ነበር?»

«ቀየት።»

«ቀየት ደግሞ የት ነው?»

«መንዝ በለው።»

«ኧረ! እሱማ ሩቅ ነው!»

ቀየት፣ ለማታውቁት፣ ሰሜን ሸዋ ነው። የበግ፣ የገብስ፣ የብርድና የገደል አገር። የካርታው ልጅ ስልኩን አወጣ፣ መታ መታ አደረገ፣ ፊቱ በራ። «ኧረ ቅርብ ነው እባካችሁ! መሐል ሜዳ ማለት ከዚህ በቀጥታ 170 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። በአውሮፕላን 15 ደቂቃ አይሞላም!»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «አውሮፕላኑ የት ነው የሚያርፈው? ጓሳው ላይ?» አለችው።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ይህን የምጽፈውም ንዴቱ ሳይበርድ ነው።

ያ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዋሸ። ሳያውቅ ነው፣ ግን ዋሸ። መጀመሪያ «ሩቅ ነው» ሲል፣ ቀጥሎ «ቅርብ ነው» ሲል። ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንዝ አልነበረም የሚያወራው። «ሩቅ» ሲል «እኔን አይመለከተኝም» ማለቱ ነው። «ቅርብ» ሲል ደግሞ «ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምታማርሩት?» ማለቱ ነው። ይህ የሱ ብቻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ማኪያቶውን ከፍዬለት ዝም እል ነበር። ግን የሁላችንም ነው። የጋዜጣችን፣ የቱሪስት ብሮሹራችን፣ የዕቅድ ሰነዳችን በሽታ ነው። እኛ ከተማ ያለነው ሰዎች ርቀትን የምንለካው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በኪሎ ሜትርና በበረራ ደቂቃ። ሁለቱም መንገደኛውን አያውቁትም።

እስቲ «የበረራ ጊዜ» የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። ሁለት ነጥብ ይያዛል። በመሬት ክብ ላይ አጭሩ መስመር ይሰመራል። ከዚያ በሰዓት 800 ወይም 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ይካፈላል። በቃ። አውሮፕላን አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማኮብኮቢያ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። 170ን ለ850 አካፍሉ፣ በ60 አባዙ፣ 12 ደቂቃ። በዚህ ስሌት እኔም ከፒያሳ ቦሌ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ። ማታ 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ለምታነቡኝ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ።

መንዝ ውስጥ መደበኛ በረራ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ደብረ ብርሃንም የለውም። ቅርብ የሚባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ወይ ቦሌ ነው ወይ ኮምቦልቻ። እንግዲህ የ15 ደቂቃው በረራ የሚነሳው ከቦሌ ነው እንበል፤ የሚያርፈው ግን ወሬ ላይ ነው።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። መንዝ በደቡብና በምዕራብ በሞፈር ውሃ፣ በአዳባይና በወንጪት ሸለቆዎች የታጠረ አገር ነው። በምሥራቅ ደግሞ ወደ ይፋት ቁልቁል የሚምዘገዘግ የተራራ ሰንሰለት አለው። አጥር ያለው ግቢ በሉት። ማስመሪያው አጥሩን ዘሎ ይገባል፤ ማስመሪያ ምን ገዶት! አውቶቡሱ ግን በሩን ፈልጎ መዞር አለበት። በደብረ ብርሃን አድርጎ (130 ኪሎ ሜትር)፣ ታርማበር አፋፍ ወጥቶ፣ ከዚያ የደሴን መንገድ ትቶ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በተራራው ጀርባ ላይ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ድምሩ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያው 170 ያለውን ጎማው 280 ይለዋል። መሀል ላይ የጠፋው 110 ኪሎ ሜትር ገደል ነው። የጓደኛችን ቀዬ ደግሞ ከመሐል ሜዳ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ታርማበርን ካነሳሁ አይቀር። እዚያ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳው፣ 600 ሜትር የማይሞላ ዋሻ አለ። ያን ተራራ የበሳው ለመንዝ ገበሬ አዝኖ አይደለም። ወታደርና ስንቅ በደሴ በኩል ከአስመራ አዲስ አበባ እንዲመላለስለት ነው። መንገዱ በመንዝ ጥግ አለፈ፤ መንዝ በመንገዱ ጥግ ቀረ። ከታርማበር ወደ ውስጥ የሚገባው ለስንት ዓሥርት ዓመታት ጠጠር ነበር። እንግዲህ ተራራ መብሳት የዛሬ ሰማንያ ምናምን ዓመትም ይቻል ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ «ይቻላል ወይ?» ሳይሆን «ለማን ሲባል?» ነው።

«እሺ በረራውን ተወው፣ የመንገዱን ኪሎ ሜትር እንጠቀም» የሚለኝ ይኖራል። ኪሎ ሜትርም እኩል አይደለም ወዳጄ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 120 ይነዳበታል፤ አንድ ዘፈን ሰምተህ፣ ሁለተኛውን ሰምተህ፣ የክፍያ ጣቢያው ይመጣል። ከታርማበር መሐል ሜዳ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሮቹ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ግን እዚያ ጉሙ ወርዶ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚነዳበት ጠዋት አለ። ቱሪስት ብሮሹሩ ላይ «ጓሳ፣ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ያነብና በሦስት ሰዓት ገብቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ አንስቶ ማታ ለራት የሚመለስ ይመስለዋል። ከዚያ ታርማበር ላይ ይበርደዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛችንን ለብቻዋ አግኝቻት ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለች ለመመረቂያ ጽሑፏ መጠይቅ ይዛ አገሯ ገብታ እንደነበር አጫወተችኝ። ቅጹ ላይ «ከቤትዎ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው ርቀት በኪ.ሜ» የሚል ሳጥን አለ። መጀመሪያ የጠየቀችው የገዛ አያቷን ነው።

«እማማ፣ ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል?»

«ለማን ነው ልጄ?»

«እንዴት ለማን?»

«ላንቺ ከሆነ ቅርብ ነው፤ ጉልበት አለሽ። ለኔ ከሆነ ከብት ሲወጣ ተነስቼ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እደርስ ይሆናል። ለምጥ ከሆነ መጀመሪያ ተሸካሚ መኖሩን ጠይቂ። በነሐሴ ከሆነ ደግሞ እኔን አትጠይቂኝ፣ ወንዙን ጠይቂው።»

ሳጥኑ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። «8 ኪ.ሜ» ብላ ሞላችው። ከዚያ 8 ቁጥር ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮ አማካይ ወጣለት፣ አማካዩ ምዕራፍ አራት ላይ ሰንጠረዥ ሆነ፣ ሰንጠረዡ ጥሩ ውጤት አመጣላት። «የእማማ መልስ ግን የትም አልገባም» አለችኝ።

እኔ የምለው፣ ከሁለቱ ማንኛው ነው ሳይንሱ? የገበሬዋ መልስ አራት ነገር አሟልቶ ይዟል፤ መንገደኛውን፣ ጉልበቱን፣ ወቅቱን፣ ረዳቱን። የኛ ሳጥን አንድ ነገር ብቻ ይዟል፣ እሱም ተሳስቷል። «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «የበቅሎ መንገድ»፣ «ቆላ ወርደህ ደጋ ስትወጣ» የሚሉትን አነጋገሮች እንደ ኋላ ቀር ነገር ስንስቅባቸው አደግን። ሕክምናው ዓለም ግን እማማ ያሉትን ነገር ለማወቅ እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) ጠብቋል። በዚያ ዓመት ታዴየስና ሜይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች በወሊድ ለምን ይሞታሉ ብለው የጻፉት ዛሬም የሚጠቀስ ጥናት አለ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በእግር ለመሄድ እጅግ ሩቅ» እንደ ማለት ነው። ሦስት መዘግየቶች አሉ አሉ። ለመሄድ በመወሰን፣ በመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት። ሁለተኛው መዘግየት የእማማ ሳጥን ነው።

የኛ ሪፖርት ደግሞ ለቃሬዛ ስም አውጥቶለታል። «ባህላዊ አምቡላንስ» ይለዋል። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ በትከሻው የሚሸከመው እንጨት፣ ሪፖርት ላይ ሲደርስ አምቡላንስ ሆነ! ሲሪኑን ማን እንደሚነፋው አላውቅም።

አሁን ወደ አውሮፓ ልመለስ፤ ምክንያቱም የካርታው ጓደኛችን አውሮፓንም በትክክል አላጠናትም። ለንደን–ፓሪስ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚለው የበረራ ሰሌዳው ነው። አየር ላይ የሚቆዩት ከዚያ ያንሳል፤ ጉዞው በሙሉ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከቤት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻ፣ ጥበቃ፣ ሻንጣ፣ እንደገና ከአውሮፕላን ማረፊያ ከተማ። ይህን የሚያውቁት ራሳቸው አውሮፓውያን ናቸው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከባሕሩ ሥር ባቡር ዘረጉ፤ በ2007 በእንግሊዝ በኩል ያለው ፈጣን ሐዲድ ሲያልቅ ባቡሩ ከመሀል ከተማ መሀል ከተማ በሁለት ሰዓት ከሩብ መግባት ጀመረ። በወረቀት ላይ አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በእውነቱ ሰዉ ባቡሩን መረጠ። ፈረንሳይ ጭራሽ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚያደርስባቸው አንዳንድ መስመሮች ላይ የአገር ውስጥ በረራ ከለከለች፤ ለምሳሌ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ። ቪየናና ብራቲስላቫ በመካከላቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓደኛዬ «በእግርህም» ያለው ለማሞካሸት ነው፤ እዚያ ግን በእግሩ የሚሄድ የለም፣ ባቡር በአንድ ሰዓት ያደርሳል። አንዱ ከተማ አድሮ ሌላው ከተማ የሚሠራ ሰው አለ።

በእግሩ የሚሄደው ማን እንደሆነ ልንገርህ። ከመሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ በማስመሪያ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቪየና ብራቲስላቫ ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ዞን ውስጥ ያሉ ሁለት ከተሞች ናቸው። መሀላቸው ግን ሸለቆ ነው። ከደጋው ጫፍ ትነሳለህ፣ ሙቀቱ ፊትህን እስኪመታህ ድረስ ትወርዳለህ፣ ወንዝ ትሻገራለህ፣ ከዚያ የወረድከውን ያህል ትወጣለህ። ዓለም ከተማ ላይ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። በሸለቆው ማዶ ያለ ገበሬ የመርሐቤቴን ደጋ በዓይኑ ያየዋል። ዓይንና እግር ግን ለየብቻ ናቸው።

በነገራችን ላይ ዓለም ከተማ ሙኒክ አጠገብ ካለች ፋተርሽቴተን ከምትባል የጀርመን ከተማ ጋር እህትማማች ናት። የባቫሪያ ሰው ዓለም ከተማን ያውቃታል፤ ስለሷ ስብሰባ ይቀመጣል። የቦሌ ልጅ አያውቃትም። ከሁለቱ ለዓለም ከተማ ማን ይቀርባል? ኪሎ ሜትሩን ቁጠሩልኝ እስቲ።

አንድ ደግሞ የበረራ ደቂቃ መነገር የሚገባው ቦታ አለ። ስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ኦርክኒ ደሴቶች። ከዌስትሬ ወደ ፓፓ ዌስትሬ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር። በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፤ በሰሌዳው ሁለት ደቂቃ፣ ነፋሱ ከረዳው ከዚያም ያንሳል፣ ክብረ ወሰኑ 53 ሴኮንድ ነው። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይበራል። የምትሄድባት ደሴት መቶ ሰው የማይሞላ ነው የሚኖርባት። አትራፊ ስለሆነ መስሏችሁ ነው? አይደለም። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ተማሪው ባሕሩን መሻገር ስላለበት ነው። እዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ «እነዚህ ሰዎች ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?» ብሎ ጠይቋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አውሮፕላኑ የመጣው። እኛ ዘንድ የበረራ ደቂቃው ቀድሞ ይመጣል። ጥያቄው እስካሁን አልመጣም።

ርቀት የመልክዐ ምድር ነገር ብቻ ነው ብሎ ለሚከራከረኝ ደግሞ አዲስ አበባንና አስመራን አነሳለታለሁ። በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጄት ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ በረራው ቆመ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያች አንድ ሰዓት ፋንታ ሰዎች በካይሮ፣ በዱባይ፣ በካርቱም ዞረው ተገናኙ፤ ብዙዎቹ ሳይገናኙ ሞቱ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 አውሮፕላኑ አስመራ ሲያርፍ ለቅሶውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን አቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መሬቱ አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። የበረራ ጊዜው ግን ከአንድ ሰዓት ወደ ሃያ ዓመት፣ ከሃያ ዓመት ወደ አንድ ሰዓት ሲመላለስ አየነው።

እና ወደ ሰሜን ሸዋ። ኅዳር 2014ን አስታውሱ። የዓለም ዜና አውታሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ የኛን ርቀት ከኛ በላይ አወቁት። «ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር»፤ «ደብረ ሲና፣ 190»። ቡና ቤት የተቀመጠው ሁሉ ቁጥሩን ይዞ ያሰላ ነበር። ሞላሌና መዘዞ የሚባሉ ስሞችን ብዙ አዲስ አበቤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ያን ሳምንት መንዝ ቅርብ ነበር። በጣም ቅርብ። ከወር በኋላ ጦሩ ሲመለስ መንዝም ወደ ሩቅነቷ ተመለሰች። እንደ ጎማ የሚለጠጥ አገር! ጦር ሲመጣብን ይጠባል፣ ችግራቸውን ሊነግሩን ሲመጡ ይለጠጣል።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ኪሎ ሜትር የሚባለው ነገር ዋጋውን አጥቷል። መንገደኛው ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም፣ «መንገዱ ክፍት ነው?» ነው የሚለው። ባሕር ዳርና ጎንደር የሚሄድ ሰው ከቻለ ቲኬት ገዝቶ ከላይ ያልፋል፤ የመንገዱ ፍርሃት ከሥሩ ይቀራል። ያልቻለ ደግሞ ጸልዮ አውቶቡስ ይሳፈራል። የበረራ ሰዓት የሀብታም ርቀት፣ የአውቶቡስ ሰዓት የድሃ ርቀት ሆኗል። መንዝ የሚገባው ሰው ግን ገንዘብ ቢኖረውም ከላይ የሚያልፍበት የለውም። እና አንተ ለዚህ ሰው ነው «15 ደቂቃ» የምትለው።

አዋቂዎቹ ምን ይላሉ? የዓለም ባንክ የገጠር ተደራሽነት የሚለካው ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረውን ሕዝብ ቆጥሮ ነው። ካርታ ላይ መንገዱን ይዘው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ያቀልማሉ፤ ቀለሙ ውስጥ የወደቀ ቤት «ተደራሽ» ነው። ወንጪት ማዶ ያለው ቤት ቀለሙ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ቀለም ገደል አይፈራም።

እውነት ለመናገር መንግሥታችን በአንድ ነገር ከዚህ ይሻል ነበር። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2003 እስከ 2007) ኪሎ ሜትር ብቻ አልቆጠረም፤ በእግር መንገድ ጋ ለመድረስ የሚፈጀውን አማካይ ጊዜ ከ3.7 ሰዓት ወደ 1.4 ሰዓት አወርዳለሁ ብሎ ነበር። ሰዓት መቁጠሩ ደስ ይላል። ግን «አማካይ» የሚባለው ነገር የደጋ ሰው ጠላት ነው። ሜዳ ላይ ያለው ሰውዬ ሃያ ደቂቃ ሲሄድ፣ የገደሉ ሰውዬ አምስት ሰዓት ሲሄድ፣ ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። ሁለቱም ያልሄዱት መንገድ ይወጣል። የአገሪቱ አማካይ እግር የማን እንደሆነ ያየ ካለ ያሳየኝ።

«ታዲያ መንዝ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ ልትል ነው?» አይደለም። አላልኩም። ቢሠራም ምጥ የያዛት ሴት ቲኬት ቆርጣ አትሳፈርም። እኔ የምለው ከዚያ የቀለለ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሳትጠይቁ ርቀት አትጻፉ። ሆስፒታል የት ይሁን፣ የመልቀቂያ ፈተና የት ይሰጥ፣ እርዳታ የት ይራገፍ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ካርታ ላይ ነው። ካርታው ላይ ማስመሪያ የሚያስቀምጠው እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ነው። የዚህ ገጽ አንባቢ ነገ ከነገ ወዲያ ፕላነር ይሆናል፣ ጋዜጠኛ ይሆናል፣ የድርጅት ሪፖርት ጸሐፊ ይሆናል።

ሌላ ዓይነት ተከራካሪም አለ፣ እሱን ይበልጥ እፈራዋለሁ። ፍቅረኛው ነው፤ የሩቅ አገር ፍቅረኛ። «መንገድ ቢገባ ያ ሁሉ ውበት ይጠፋል፣ ሩቅነቱ ነው የጠበቀው» ይላል። ጓሳን በምሳሌ ያነሳል። ተሳስቷል። ጓሳን የጠበቀው ሩቅነት አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳሩን መቼ ማጨድ እንደሚቻልና መቼ ከብት እንደሚገባ በራሳቸው ሕግ የወሰኑ፣ «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት (የፖለቲካውን አይደለም የምለው) ያበጁ ሰዎች ናቸው የጠበቁት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያናጋው ገደሉ እዚያው ነበር፣ ሩቅነቱም እዚያው ነበር፤ ሳሩ ግን ተጎዳ። አርበኞቹስ? እነ ራስ አበበ አረጋይ በጣሊያን ጊዜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አምስት ዓመት ሲዋጉ ገደሉ ረድቷቸዋል፣ እሺ። ጠላት ሲመጣ ገደል ይረዳል። አዋላጅ ስትመጣ ግን ያው ገደል ነው።

ጓደኛችን ባለፈው ሐሙስ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሦስት ሰው ጋ ደውላ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርታለች። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ላምበረት ነበረች፤ አውቶቡሱ ሞልቶ የወጣው አንድ ተኩል አልፎ ነው። ታርማበር ላይ ስትደርስ «ጉም ነው፣ ቆመናል» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሌላ መጣ፦ «መሐል ሜዳ ገባሁ። የዛሬው መኪና አልፏል፣ እዚህ አድሬ ነገ እቀጥላለሁ። ከወንዙ በኋላ በእግር ነው።»

መልእክቱን ለካርታው ልጅ አሳየሁት። አነበበውና ስልኩን አወጣ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ቀራት?» አለኝ።